ዋልካውን የበሳው ጉድጓድ፦ በጎንደር የአንድ ሆቴል የፍሳሽ ፈቃድ ጉዳይ ጥናት

ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መስመር የተሠራ ባለ 60 ክፍል ሆቴል የፍሳሽ አወጋገድ ፈቃድ ጠየቀ። ማመልከቻው ስለ ሰፕቲክ ታንኩ፣ ማለትም ፍሳሹ መጀመሪያ ስለሚጠራቀምበትና ደለሉ ስለሚቀርበት ገንዳ፣ ብዙ ይላል፦ የግድግዳውን ውፍረት፣ የብረቱን ቁጥር፣ የክዳኑን ስፋት። ከታንኩ የሚወጣው ውሃ የት እንደሚገባ ግን የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ፍሳሹ 9 ሜትር ጥልቀት ባለው ማስረጊያ ጉድጓድ ወደ መሬት ይሰርጋል።» ጉድጓዱ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ተቆፍሮ አልቋል፤ ይህ በከተማው አዲስ ነገር አይደለም። ሆቴሉም ሆነ ጉዳዩን ያየው መሥሪያ ቤት እዚህ በስም አይጠሩም። ለአንባቢ የሚጠቅመው መሬቱ፣ ቁጥሩና ከብዙ ምልልስ በኋላ በፈቃዱ ላይ የሰፈረው ግዴታ ነው።

የሕግ መነሻው አለ። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ቆሻሻን ወደ ውሃ ሀብት መልቀቅን ፈቃድ ከሚጠይቁ ሥራዎች ይመድበዋል፤ የከርሰ ምድር ውሃም በአዋጁ የውሃ ሀብት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አካባቢን መበከልን ይከለክላል። ከጉድጓዱ ወለል እስከ ውሃው ስንት ሜትር ይቅር፣ ስንት የመከታተያ ጉድጓድ ይቆፈር፣ በየስንት ጊዜ ይለካ የሚለው ግን በአዋጅ የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ በፈቃዱ ውስጥ መግባት ያለበት ነው። ማመልከቻውን የመረመሩት ባለሙያዎች ለዚህ የሚሆን የፈቃድ አጽም የተዋሱት ከአሜሪካዋ አሪዞና ነው። እዚያ በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት የሚሰጠው የከርሰ ምድር ውሃ ጥበቃ ፈቃድ አመልካቹን ምን ያህልና ምን ዓይነት ፍሳሽ እንደሚለቅ፣ በሥራ ከተፈተኑት መከላከያዎች የተሻለውን መጠቀሙን፣ ከመሬት በታች በተወሰነ መለኪያ ቦታ ላይ የውሃው ጥራት ደረጃ እንደማይጣስ፣ ነገሩ ሲበላሽና ተቋሙ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግ ያስጠይቀዋል። አጽሙ ጥሩ ነው። አሪዞና ግን በረሃ ናት፤ በብዙ ቦታዋ ውሃው ጥልቅ ነው፣ በወቅትም እንደኛ አይዋዥቅም። ጎንደር ላይ ሰኔ ገብቶ መስከረም እስኪጠባ የሚሆነውን ያልጠየቀ ፈቃድ ግማሹን መሬት አላየም።

የመጀመሪያው ስህተት የተገኘው የውሃው መጠን ላይ ነው። ማመልከቻው በቀን 9 ሜትር ኩብ ይላል፤ ቁጥሩ የተወሰደው ከውሃ ክፍያ ደረሰኝ ነው። የከተማው መስመር በፈረቃ የሚመጣ በመሆኑ ቆጣሪው የሚያውቀው የመጣውን ብቻ ነው፤ ሆቴሉ የራሱ ጥልቅ ጉድጓድ አለው፣ ሲቸግረውም በቦቴ ያስመጣል። ስለዚህ ሒሳቡ ከሰው ተነስቶ እንደገና ተሠራ። በተራ ቀን 50 እንግዳ በ150 ሊትር 7.5 ሜትር ኩብ፣ ወጥ ቤትና ባር 3፣ ልብስ እጥበት 2፣ ሠራተኛ 1.5፤ ድምሩ 14። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ክፍሉ ሁሉ ተይዞ፣ አብዛኛው ሁለት ሁለት ሰው አድሮበት 110 እንግዳ ይሆናል፤ ወጥ ቤቱ ወደ 4 ሲያድግ ቀኑ 24 ሜትር ኩብ ይደርሳል። በጎንደር ላለ ሆቴል ከጥምቀት ሌላ የንድፍ ቀን (ሥራው የሚለካበት ከባድ ቀን) መፈለግ ራስን ማታለል ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። ከላይ 2.5 ሜትር ያህል ዋልካ አለ፤ ከሱ በታች እስከ 8 ሜትር የበሰበሰ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲያ ስንጥቅጥቅ ያለ ባዛልት። የሆቴሉ አማካሪ «ቦታው በወፍራም የሸክላ አፈር የተሸፈነ ስለሆነ የከርሰ ምድር ውሃው የተጠበቀ ነው» ብሎ ጽፏል። ለዝናብ ውሃ ይህ በከፊል እውነት ነው። 9 ሜትር የሚወርድ ጉድጓድ ግን ዋልካውን በስቶ፣ የበሰበሰውን ድንጋይ አልፎ ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል። ሸክላው ከጎን ቆሞ ያያል እንጂ አንዲት ጠብታ አያጣራም።

የመስረግ ፍተሻውም አሳሳች ነበር። የተደረገው በሚያዝያ ነው፤ ውሃው ከፍተሻ ጉድጓዱ ወዲያው ጠፋ፤ «አፈሩ በደንብ ያሰርጋል» ተባለ። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የጠፋው ውሃ አፈሩ ውስጥ ሳይሆን ስንጥቁ ውስጥ ነው የገባው። ያው አፈር በሐምሌ ሲያብጥ ማስረጉን ከሞላ ጎደል ያቆማል። በዋልካ ላይ ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት ጉድጓዱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በውሃ ተሞልቶ መቆየት አለበት፤ አፈሩ እስኪያብጥ ያልተጠበቀ ቁጥር ዋጋ የለውም። እንዲያ ተደርጎ ሲደገም ውሃው በሰዓታት ውስጥ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አልወረደም። ስለዚህ ዋልካው ውስጥ ቦይ ቀዶ ማስረግም መፍትሔ አልሆነም፤ በበጋ ስንጥቁ ያሾልከዋል፣ በክረምት ወደ ላይ ያገነፍለዋል።

ትልቁ ክርክር የውሃው ወለል ነው። ማመልከቻው በሆቴሉ ጥልቅ ጉድጓድ የተለካ 13.5 ሜትር ይዟል፤ የማስረጊያው ወለል 9 ሜትር ላይ ስለሆነ «4.5 ሜትር ደረቅ ድንጋይ ይቀራል» የሚል ድምዳሜ ተሰጠ። ልኬቱ ትክክል ነው፤ የተወሰደው ግን በግንቦት፣ ከዓመቱ ሁሉ ውሃው በጣም ዝቅ በሚልበት ጊዜ ነው። ከሆቴሉ በታች የእጅ ጉድጓድ ያላቸው አንዲት እናት ስለ ጉድጓዳቸው ሲጠየቁ «በመስከረም ገመዱን እጥፍ አድርጌ ነው የምቀዳው» አሉ። ገመዱ የሚበቃው ለግንቦቱ 10 ሜትር ነው፤ ሲታጠፍ 5 ይሆናል። ከአማካሪው ሪፖርት ይልቅ የመሬቱን ባሕርይ የተናገረው ይህ ገመድ ነው። ፈቃዱ እስከ መስከረም ታገደ። በመስከረም፣ ፓምፑ ለ12 ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ በሆቴሉ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው 7.8 ሜትር ላይ ተገኘ። የማስረጊያው ጉድጓድ ወለል ከውሃው በታች 1.2 ሜትር ሰጥሟል ማለት ነው። ሆቴሉ ሥራ ቢጀምር ኖሮ ክረምቱን የሽንት ቤቱን ውሃ ያለምንም ማጣሪያ በቀጥታ የከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ይጨምር ነበር።

ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ያስፈልጋል፦ የሆቴሉና የሁለት ጎረቤቶች። የውሃው ጥልቀት በመለኪያ ገመድ ይወሰዳል፤ የጉድጓዶቹ ጫፍ ከፍታ ደግሞ በሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ነው የሚያያዘው። አማካሪው የእጅ ጂፒኤስ ተጠቅሞ ነበር። የእጅ ጂፒኤስ ከፍታ ላይ በብዙ ሜትር ይስታል፤ በሦስቱ ጉድጓዶች መካከል ያለው የውሃ ወለል ልዩነት ደግሞ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም። በመጀመሪያው ካርታ ውሃው ወደ ሰሜን፣ ሽቅብ የሚሄድ ሆኖ የተሳለው ለዚህ ነው። ሰርቬየር በአንድ ቀን ሥራ አስተካከለው፦ ፍሰቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በ100 ሜትር 1 ሜትር እየወረደ፣ በቀጥታ ወደ እጅ ጉድጓዱ ነው። ከማስረጊያው እስከዚያ 85 ሜትር አለ።

የፍጥነት ሒሳቡ ላይ ደግሞ አንዲት ቁጥር ብቻ ሁሉን ነገር ለወጠች። የድንጋዩ የማስተላለፍ አቅም በፓምፕ ፍተሻ በቀን 5 ሜትር ተገኝቷል፤ በቁልቁለቱ 0.01 ሲባዛ 0.05 ይሆናል። ይህ ውሃው በሚያልፍበት ክፍተት ድርሻ ይካፈላል። አማካሪው የአሸዋን ቁጥር 0.2 ወስዶ በቀን 25 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ እጅ ጉድጓዱ 340 ቀን አወጣ። ስንጥቅ ባዛልት አሸዋ አይደለም፤ ውሃው የሚሄደው በጥቂት ስንጥቆች ስለሆነ ክፍተቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። 0.02 ሲገባ ፍጥነቱ በቀን 2.5 ሜትር፣ ጉዞው 34 ቀን ሆነ። ጀርመኖች የመጠጥ ጉድጓድን ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ለመጠበቅ የሚጠቀሙበት መስፈርት 50 ቀን ነው። 340 ቀን ያለው ሰነድ ያልፍ ነበር፤ 34 ቀን ያለው አያልፍም።

ከፍሳሹ ናይትሮጅን የሚፈጠረው ናይትሬትስ? ሰፕቲክ ታንክ ደለል ያስቀራል፣ ቅባት ያስቀራል፤ ናይትሮጅን ላይ ግን የሚረባ ሥራ አይሠራም። ከታንክ የሚወጣ የሰው ፍሳሽ በሊትር ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 80 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል፤ እዚህ 60 ተወሰደ። አፈር ውስጥ ሲገባ አሞኒያው ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ የናይትሮጅኑን ቁጥር በ4.43 ማባዛት ነው። በዚህ ላይ የሚታየው የተለመደ ስህተት ላቦራቶሪው «ናይትሬት እንደ ናይትሮጅን» ብሎ የሰጠውን 11 ከ50 ጋር አወዳድሮ «በጣም ጥሩ» ማለት ነው። 11 ሲባዛ 49 ገደማ ነው፤ ድንበሩ ላይ ቆሟል። የመጠጥ ውሃ ልኩ 50 ሚሊ ግራም የሚለው በናይትሬት ነው።

በመጀመሪያው ንድፍ በቀን 14 ሜትር ኩብ በ60 ሚሊ ግራም 840 ግራም ናይትሮጅን ይገባል። ከጉድጓዱ ሥር የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውሃ፣ ለቅልቅል 20 ሜትር ወርድና 10 ሜትር ውፍረት ቢታሰብለት፣ በቀን 10 ሜትር ኩብ ነው፤ በተፈጥሮው 3 ሚሊ ግራም ይዟል ተብሎ ተገምቷል። ድብልቁ 36 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን፣ ማለትም 160 ሚሊ ግራም ናይትሬት ይሆናል። ከልኩ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ውሃው ሲፈላ ጀርሙ ይሞታል፤ ናይትሬቱ ግን አይቀንስም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይከማቻል። በጡጦ ለሚመገብ ሕፃን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለቤቱ ያቀረበው የመጀመሪያ መልስ ጉድጓዱን ወደ 6 ሜትር ማሳጠር ነበር። የሰመጠውን ወለል ያወጣዋል፤ ናይትሬቱን ግን በምንም አይነካም። አዲሱ ንድፍ ከሦስት ወገን ተነሳ።

አንደኛው ማጣሪያው ነው። የወጥ ቤቱ መስመር ለብቻው ወጥቶ 2 ሜትር ኩብ በሚይዝ የቅባት ማስቀሪያ ያልፋል፤ በየሳምንቱ ካልተጠረገ ግን ባይሠራ ይሻላል፣ የረጋው ቅባት ተገፍቶ ወደ ታንኩ ይገባልና። ሰፕቲክ ታንኩ 40 ሜትር ኩብ ሆነ። ከሱ ቀጥሎ ለጥምቀት ትርፍ ሌላ 40 ሜትር ኩብ ማቆያ ገባ፦ ማጣሪያው በቀን 16 ይችላል፣ የሚመጣው 24 ነው፣ የ8ቱ ትርፍ ለአምስት ቀን 40 ይሆናል። ከዚያ ፍሳሹ በጠጠርና በአሸዋ በተሞላ፣ ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ በተነጠፈበት የሸምበቆ ገንዳ ላይ በፓምፕ በየተራ ይረጫል። አየር ስለሚያገኝ አሞኒያው እዚያ ናይትሬት ይሆናል። ዋናው ብልሃት ከዚያ በኋላ ነው፦ ከገንዳው ከሚወጣው አራት እጅ ሦስቱ ተመልሶ አየር ወደሌለበት ታንክ ይገባል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ሒሳቡ 75 ከመቶ ይቀንሳል ይላል፤ ፈቃዱ የተማመነው በ65 ነው፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያው እንደ ሒሳቡ አይሠራም። 60 የነበረው 21 ሆነ።

ሁለተኛው ወገን ወቅቱ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት ውሃው ወደ መሬት አይሰርግም፤ በ3,500 ካሬ ሜትር የዝሆን ሣርና ዛፍ ላይ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ሒሳብ 14 ሜትር ኩብ ይጠጣል። እዚህ ጋ የልብስ እጥበቱ ውሃ ጣጣ አመጣ። የዱቄት ሳሙናው ጨው ያለበት ነው፤ ሶዲየም የበዛበት ውሃ ዋልካን ያጨቀየዋል፣ ላዩን ያትመዋል፣ ሣሩም ይቆረቁዛል። በረኪናው ደግሞ የታንኩን ባክቴሪያ ይገድላል። ሆቴሉ ወደ ፈሳሽ ሳሙና እንዲዞርና የበረኪናው ውሃ በማቆያው በኩል ቀስ እያለ እንዲገባ ሆነ።

ሦስተኛው የማስረጊያው ቅርጽ ነው፤ በኛ አስተያየት ዋጋው ከሁሉ የረከሰውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸኛው ነው። ያው ውሃ በአንድ ነጥብ ሲገባና ተዘርግቶ ሲገባ አንድ አይደለም። ለክረምት የተሠራው ማስረጊያ መደብ 60 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ወርድ አለው፤ ርዝመቱ የከርሰ ምድር ውሃውን ፍሰት አቋርጦ ይተኛል። በመደቡ ቦታ ዋልካው ሙሉ በሙሉ ተነስቶ በበሰበሰው ድንጋይ ላይ 80 ሳንቲ ሜትር የታጠበ የወንዝ አሸዋ ተነጠፈ፤ የተነሳው ዋልካ ደግሞ ረጥቦ እየተጠቀጠቀ የጎኖቹ ግድግዳ ሆነ፣ የክረምቱ ጎርፍ ከጎን እንዳይገባ። ወለሉ 2.5 ሜትር ላይ ስለሆነ በመስከረም እንኳ ከውሃው 5.3 ሜትር ይርቃል። ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ በ60 ሜትር ወርድ 30 ሜትር ኩብ ስለሆነ ድብልቁ 8.7 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን፣ 39 ሚሊ ግራም ናይትሬት ይወጣል። መደቡን አዙሮ በፍሰቱ አቅጣጫ ያስተኛ ሰው ይህን ሁሉ ያጣል።

39 ከ50 ብዙ አይርቅም። መደቡ ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ቢሠራ የሚደርስበት ቁጥር ስለሆነ እውነተኛው ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም መርማሪዎቹ የተማመኑት በሒሳቡ ሳይሆን በመከታተያ ጉድጓዶቹ ነው። ሦስት ተቆፈሩ፦ አንዱ ከመደቡ በላይ፣ ሁለቱ በታች። ከታች ያሉት ሁለቱ የሚገኙት በሆቴሉ አጥር ውስጥ፣ ከእጅ ጉድጓዱ በፊት ነው፤ ፈቃዱ የሚመዘነውም እዚያ ነው። በጎረቤት ጉድጓድ መመዘን ማለት ጎረቤት ከተጎዳ በኋላ ማወቅ ነው።

የእነዚህ ጉድጓዶች አሠራር ቀልድ አያውቅም። ጥልቀታቸው 17 ሜትር ሲሆን ውሃው ከ7.8 እስከ 13.5 ስለሚወጣና ስለሚወርድ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ከ7 እስከ 17 ሜትር ይደርሳል። በግንቦት ልኬት ብቻ ተመርቶ ከ13 ሜትር በታች ቢገባ ኖሮ በክረምት ከላይ የሚንሳፈፈውን አዲስ ፍሳሽ ያመልጠው ነበር። በቱቦው ዙሪያ ጠጠር እስከ 6.5 ሜትር፣ ከሱ በላይ 1 ሜትር ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው አብጦ የሚያሽግ ሸክላ)፣ ከዚያ እስከ ላይ ሲሚንቶ። ቆፋሪው በቤንቶናይት ፈንታ ዋልካ ልጠቅጥቅ ብሎ ነበር፤ ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያው ዝናብም በቱቦው ጎን ተንሸራቶ ናሙናውን ያበላሻል።

ናሙና ከመወሰዱ በፊት በቱቦው ውስጥ ካለው ውሃ ሦስት እጥፍ ይቀዳል። የ10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ በሜትር 7.85 ሊትር ይይዛል፤ በግንቦት 3.5 ሜትር ውሃ ስላለ 82 ሊትር፣ በመስከረም 9.2 ሜትር ስላለ 217 ሊትር መሆኑ ነው። «ሁለት ጀሪካን ቀድተን ወሰድን» የሚል መዝገብ በሁለቱም ወቅት ተቀባይነት የለውም። የናይትሬት ጠርሙስ በበረዶ ሳጥን ሆኖ በ48 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይደርሳል። የኢ. ኮላይ (የሰገራ ብክለትን የሚጠቁም ባክቴሪያ) ናሙና ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ቢደርስ የሚናገረው ነገር የለም፤ በዚያው ቀን በተንቀሳቃሽ መመርመሪያ ጎንደር ላይ ይሠራል።

ፈቃዱ የማንቂያ ልክ 40፣ የመጨረሻ ልክ 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት፣ ኢ. ኮላይ በ100 ሚሊ ሊትር ዜሮ ብሎ አስቀመጠ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት በየወሩ፣ በቀረው ጊዜ በየሩብ ዓመቱ ይለካል። 40 ሲያልፍ በሰባት ቀን ውስጥ ናሙናው ይደገማል፤ ውጤቱ እንደገና 40 ካለፈ መደቡ ይዘጋል፣ ትርፉ በመምጠጫ መኪና ይነሳል፣ ለእጅ ጉድጓዱ ባለቤት ውሃ የሚያቀርበው ሆቴሉ ነው። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ብዙ አከራከረ፤ ባለቤቱ «የከተማውን ውሃ እጥረት እኔ ልሸከም ነው ወይ» ብለው ነበር። ሐረጉ ሳይነካ ቀረ።

የተቆፈረው 9 ሜትር ጉድጓድም ዝም ተብሎ አልተተወም፤ ክፍት ቢቀር ለጎርፍ የተከፈተ በር ነው። የግንባታ ፍርስራሽ መሙላት ተከልክሎ ከቦታው በወጣ ንጹሕ የበሰበሰ ድንጋይ እስከ 3 ሜትር ተሞላ፣ ግማሽ ሜትር ኮንክሪት ተደፋ፣ የቀረው እርጥብ ዋልካ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር ተጠቀጠቀ። ሥራው በኅዳር የተደረገውም በዚህ ምክንያት ነው፦ በነሐሴ ዋልካ ጭቃ ነው፣ በየካቲት ደግሞ ድንጋይ።

የዚህ ንድፍ ደካማ ጎን መብራት ነው። የመመለሻው ፓምፕ ሲቆም ገንዳው ለጊዜው ጥሩ የሚመስል፣ ጠረን የሌለውና ጥርት ያለ ውሃ ማውጣቱን ይቀጥላል፤ ናይትሬቱ ግን ሳይቀነስ ያልፋል፣ በዓይንም በአፍንጫም አይታወቅም። ስለዚህ ፓምፑ ከሆቴሉ ጄኔሬተር ጋር እንዲያያዝና የሥራ ሰዓት ቆጣሪ እንዲኖረው በፈቃዱ ተጽፏል። ቁጥሩ በየሳምንቱ ሰኞ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከላቦራቶሪው ወረቀት በፊት የሚያየው ይህን መዝገብ ነው።